ነጣ፣ ቀላ

ባለፈው ዊንተር ሚኒሶታ ውስጥ በረዶ አዳልጦኝ የእጄን አንጓ ሰበርኩ። ድንገተኛ ክፍል አምስት ሰዓት ጠበቅሁ። አሜሪካም ቢሆን እየሞትክ ካልሆነ ወረፋህን ትጠብቃለህ። አጥንቱን ወደ ቦታው መለሱት። ጄሶውን ግን ዙሪያውን አልደፈኑትም፤ በአንድ ወገን ብቻ ደግፈው በፋሻ ጠቀለሉት።

«ምነው ጎዶሎ ሆነ?» አልኳት ነርሷን። ሳቀች። እጅህ ገና ያብጣል፣ ለእብጠቱ ቦታ ትተን ነው አለችኝ። ከዚያ የጣቴን ጥፍር ተጫነችው። ነጣ። ለቀቀችው። ወዲያው ቀላ። እየተመላለሰች ያንኑ ደጋገመችው። ጣትህን አንቀሳቅስ፣ ይደነዝዝሃል ወይ ትላለች። ህመሙ በማስታገሻ እምቢ ካለ ሳታድር ተመለስ ብላ ሸኘችኝ።

ያን ሌሊት የአክስቴን የልጅ ልጅ ሳስብ አደርኩ።

ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ከዛፍ ወድቆ ከክርኑ ከፍ ብሎ ተሰበረ። ወጌሻ ጋ ወሰዱት። አልፈርድባቸውም። ወጌሻው ቅርብ ነው፣ ቤተሰቡን በሙሉ በስም ያውቃል። የኔን ሐኪም እኮ ስሙን እንኳ አላስታውሰውም፤ ዓይኑ ስክሪን ላይ ነበር። ሐኪም ቤት ደግሞ «ይቆርጡታል» የሚባል ወሬ አለ።

ወጌሻው በቀርከሃ ጥርቅም አድርጎ አሰረው። ልጁ ሌሊቱን ሲጮህ አደረ። «ሲጠገን ያማል፣ ይቻለው» ተባለ። እኔም በስልክ ያንኑ ብያለሁ። በሦስተኛው ቀን ዝም ሲል ተሻለው ብለን ደስ አለን። ጣቶቹ ግን ጠቁረው ነበር። ሐኪም ቤት ሲደርስ እጁ ተቆረጠ። ሰፈሩም «ይኸው፣ አላልንም?» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጡንቻ የማይለጠጥ ሽፋን አለው። የተሰበረ እጅ ከውስጥ ያብጣል፣ ማሰሪያው ከውጭ ይጨምቀዋል፣ ደም መግቢያ ያጣል። ለ6 ሰዓት ያህል ደም ያላገኘ ጡንቻ መሞት ይጀምራል። መጀመሪያ ይጮኻል፣ ኋላ ይደነዝዛል። የልጁ ዝምታ እሱ ነበር። ቀዶ ሐኪም በጊዜ ቢደርስበት ማሰሪያውን ፈትቶ፣ ካስፈለገም ቆዳውንና ሽፋኑን በረጅሙ ሰንጥቆ ያስተነፍሰዋል። ያ ሁሉ ሰው የሚሸሸው ምላጭ እጅ ማትረፊያ ነበር ማለት ነው።

ፈረንጅ ይህን ከእናቱ ሆድ ይዞት አልወጣም። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ሪቻርድ ፎን ፎልክማን በ1881 እ.ኤ.አ. ስለተኮማተሩ እጆች ሲጽፍ የወቀሰው አጥብቆ ማሰርን ነው። እኛም አገር ወጌሾች የአንድ ቀን ስልጠና ተሰጥቷቸው በዚህ ሰበብ የሚቆረጠው እጅና እግር መቀነሱን ያሳየ ጥናት ታትሟል። አንድ ቀን! ብረት ማስገባቱ፣ ኤክስሬዩ፣ ማሽኑ ገንዘብ ይፈልጋል፤ እሺ። ጥፍር መጫን ግን ምን ይፈልጋል?

በማግስቱ አክስቴ ጋ በቪዲዮ ደወልኩ።

«እትዬ፣ ያን ወጌሻ ታገኚዋለሽ?»

«ጎረቤቴ አይደል? ትናንትም እዚሁ ቡና ጠጥቷል።»

ጥፍሬን ካሜራው ላይ አስጠግቼ ተጫንኩት። ይኸው ነጣ፣ ይኸው ቀላ። ካልቀላ ማሰሪያው ወዲያው ይፈታ፣ የታሰረውም ሰው ሐኪም ቤት ይሂድ በይው አልኳት። መነጽሯን ፈልጋ አደረገች። የራሷን አውራ ጣት ተጭና ለቀቀች። ዝም ብላ ትንሽ አየችው።

«ይኼ ብቻ ነበር?» አለችኝ።