ጉልበታቸውን ያመማቸው ብርድ አይደለም

ወገኖቼ፣ ጠዋት ማታ ከአራት ኪሎ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ለገሃር የምትጣደፉ ሁሉ፣ ዛሬ ልወቅሳችሁ ነው። እናታችሁ «ጉልበቴን» ባሉ ቁጥር «ብርድ ነው፣ እርጅና ነው» እያላችሁ የምታልፏቸው እስከ መቼ ነው?

በሽታው ኦስቲዮአርትራይተስ ይባላል። የአጥንቱን ጫፍ የሸፈነው ለስላሳ አካል እየሳሳ ሄዶ መገጣጠሚያው በሙሉ ይታመማል። ብርድ ስሜቱን ያባብሰው ይሆናል እንጂ በሽታውን አያመጣውም። የሚያመጡት ዕድሜ፣ ውፍረት፣ ዘር፣ የድሮ ስብራት፣ ሲሸከሙና ሲንበረከኩ የኖሩበት ሥራ ናቸው። ብርቅም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 528 ሚሊዮን ሰዎች ነበረባቸው፤ ከ1990 ወዲህ ቁጥሩ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ከመቶው 60ዎቹ ሴቶች ናቸው። «የሽማግሌ ነው» የምትሉም ስሙ፦ ከመቶው 27ቱ ከ55 ዓመት አልዘለሉም። የእናንተም ጉልበት ይቆጠራል ማለት ነው።

እስቲ ታክሲ በር ላይ ቆም ብላችሁ እዩ። አንዲት እናት የበሩን ጠርዝ ጨብጠው፣ ደህናውን እግር አስቀድመው፣ የታመመውን በእጃቸው አንስተው ሲያስገቡ ረዳቱ «ቶሎ በሉ እንጂ ማዘር!» ይላል። እናንተም ከውስጥ ታጉረመርማላችሁ። በሩ አጠገብ የተቀመጠው ጎረምሳ የጆሮውን ማዳመጫ እንኳ አይነቅልም። ኧረ እፈሩ!

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ፋርማሲ ላይ የምታደርጉት ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዲክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ገዝታችሁ ታስይዟቸዋላችሁ። ለጊዜው ያስታግሳል፤ አልክድም። ወር ከወር ሲዋጥ ግን ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ የደም ግፊት ይጨምራል። ግፊት ያለባቸው መሆኑን እያወቃችሁ ትሰጣላችሁ!

ቀጥሎ ደግሞ «አርፈሽ ተቀመጪ እማዬ» ይመጣል። ፍቅር መስሏችሁ ነው፤ ግን በተቀመጡ ቁጥር ጉልበቱን ደግፎ የያዘው የታፋ ጡንቻ ይሰልላል፣ ክብደት ይጨምራል። ከመጠን በላይ የወፈረ ሰው አንድ ኪሎ ሲቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበቱ ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና እንደሚነሳ በጥናት ታይቷል። ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ አስወጧቸው አላልኩም፤ ለጥ ባለው መስቀል አደባባይ ክንዳቸውን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አብራችሁ ተራመዱ። ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ቀጥ አድርገው ዘርግተው፣ ትንሽ አቆይተው ያውርዱ፤ ይድገሙት። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደግሞ የገበያውን ዘንቢል ተቀብላችሁ እናንተ አውጡት። ያመማቸውን መገጣጠሚያ ሐኪም ይይላቸው፣ መድኃኒቱን እሱ ይምረጥላቸው።

ጉልበቱ በድንገት ካበጠና ከጋለ፣ ትኩሳትም ከተከተለ ግን ያ ሌላ ነገር ነው። ወጌሻ አትጥሩ፣ «ነገ ይሻለው ይሆናል» አትበሉ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዷቸው።