ስልክ ስለረከሰ ብቻ አይመስለኝም

ስለ ኢንዶኔዥያ የቪዲዮ ተመልካቾች የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት፤ ጸሐፊው ኢንዶኔዥያውያን ከቴሌቪዥን ወደ ዩቲዩብና ቲክቶክ የጎረፉት ስማርት ስልክና ዳታ ስለረከሰ ነው ብሎ መደምደሙ ቅር አሰኝቶኛል። እሱስ እውነት ነው፤ ግን ሰዉ ቴሌቪዥኑ ላይ ምን አጥቶ ነው የሄደው?

«ቲሊክ» የሚለውን የኢንዶኔዥያ አጭር ፊልም እዩልኝ። እ.ኤ.አ. በ2018 ተሠርቶ ነሐሴ 2020 ዩቲዩብ ላይ ሲጫን አገር ምድሩ ስለሱ አወራ። ታሪኩ ይኸው ነው፦ የመንደር ሴቶች የታመመች ሊቀመንበራቸውን ሊጠይቁ በጭነት መኪና ተሳፍረው ወደ ሆስፒታል ይሄዳሉ። ቡ ቴጆ የምትባለዋ መንገዱን ሙሉ የአንዲትን ወጣት ስም ስታብጠለጥል ትውላለች። ማስረጃዋ ምን ይሆን? ስልኳ ላይ ያሉ የፌስቡክ ፎቶዎች! ፖሊስ መኪናውን ሲያስቆም ደግሞ እሱኑ ትሞግተዋለች። (ሐሜተኛ ከሆኑ አይቀር እንዲህ ነው።) ንግግሩ በአብዛኛው ጃቫኛ (የጃቫ ደሴት ሕዝብ ቋንቋ) ነው። የጃካርታ ቴሌቪዥኖች በየምሽቱ የሚደጋግሙት የሀብታም ቤት ተከታታይ ድራማ እነዚህን ሴቶች መቼ እንዲህ አድርጎ አሳያቸው? የጃቫዋ ከተማ የማላንግ ልጅ የሆነው ኮሜዲያን ባዩ ስካክም ዩቲዩብ ላይ ስም ያወጣው በጃቫኛ እየቀለደ ነው።

ቪዲዮው ውስጥ ትልቅ የሽያጭ ገንዘብ አለ በሚለው የጸሐፊው ሐሳብ ግን እስማማለሁ። መንግሥት በ2023 ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በቀጥታ መሸጥን ሲከለክል ቲክቶክ ሾፕ የተባለው የቲክቶክ የመገበያያ ክፍል ተዘጋ፤ ብዙም ሳይቆይ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ቶኮፔዲያ ከሚባለው የኢንዶኔዥያ የኢንተርኔት ገበያ ጋር ተጣምሮ ተመለሰ። ቪዲዮ እያየ መሸመት የለመደ ሕዝብ ባይኖር ኖሮ ማን ያን ያህል ይሯሯጥ ነበር?