ካውንስለር ጋ መግባት የሚያፍር መምህር ተማሪውን እንዴት ይልካል?

ሐዋሳ ውስጥ ለመምህርነት ከሚሠለጥኑ ወጣቶች ጋር ስለ ምክር አገልግሎት ሳወራ ሁሉም ይስማማሉ። «ለተማሪዎችማ በጣም ያስፈልጋል» ይላሉ። «አንተስ ብትገባ?» ስል ግን ፊቱ ቅጭም ይላል። «እኔ ምን ሆንኩና?»

አልፈርድባቸውም። ካውንስለር ጋ የገባ ልጅ ዶርም ሲመለስ «ነካ አደረገው እንዴ?» ይባላል። አንዲት ሠልጣኝ እንደነገረችኝ፣ የእነሱ ካውንስለር ቢሮ ያለው ከዲሲፕሊን ቢሮ ጎን ነው። እዚያ በር ላይ የታየች ልጅ ወይ አጥፍታለች ወይ ታማለች ተብሎ ይወራባታል። እናቷ ታማባት እንቅልፍ ባጣችበት ሰሞን በሩ ድረስ ሄዳ ነበር። ሰው ሲመጣ ስልክ የምታወራ መስላ አልፋው ሄደች። ከዚያም ጭንቀቷን እንደያዘች ፕራክቲከም፣ ማለትም ትምህርት ቤት ሄዶ የማስተማር ልምምድ፣ ወጣች።

ነገሩ በእሷ አያበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ከአእምሮ ጤና ችግሮች አንድ ሦስተኛው ከ14 ዓመት በፊት፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ከ18 ዓመት በፊት ይጀምራሉ። እነዚህ ሠልጣኞች ነገ የሚያስተምሩት ይህንኑ ዕድሜ ነው። ድንገት ዝምተኛ የሆነውን፣ ከጓደኞቹ የራቀውን፣ ደብተሩን መግለጥ የተወውን ልጅ ቶሎ ሊያስተውለው የሚችለው መምህሩ ነው። ሕመሙን መርምር አንለውም። አይቶ ወደሚመለከተው ሰው እንዲልከው ብቻ ነው የምንፈልገው። እሱ ራሱ የሚያፍርበት ቦታ ግን ልጁን እንዴት ደፍሮ ይልከዋል? «ሰነፍ» ብሎ ያልፈዋል፤ ሲብስም «ወላጅ አምጣ» ይለዋል።

ጸበልና ጸሎት እያለ ካውንስለር ምን ያደርጋል የሚሉም አሉ። ካውንስለር ጋ የሄደ ሰው ጸሎቱን ተው አይባልም። ሁለቱም ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሠልጣኝ ፕራክቲከም ከመውጣቱ በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ ካውንስለር ጋ ይቀመጥ። ሁሉም ከገባ ማን በማን ላይ ይጠቋቆማል? ማርክ አይያዝበት። ማውራት ካልፈለገም አይገደድ፤ አገልግሎቱ ምን እንደሆነ ሰምቶ ይውጣ። የሚናገረው በምስጢር እንደሚያዝ፣ ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ግን ለሌላ ሰው ሊነገር እንደሚችል ቀድሞ ይወቅ።

ከሁሉ በፊት ግን ቢሮው ከዲሲፕሊን ጎን ይነሳ። ለዚህ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። ክፍል መለዋወጥ ነው፤ ዲኖች ከመጪው ሴሚስተር በፊት ሊያደርጉት ይችላሉ።