ኦልድሃምን የተዋንያን ከተማ ያደረጋት መድረኩ ነው ወይስ ስቱዲዮው?

ኦልድሃም ከማንችስተር በስተሰሜን ምሥራቅ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የቀድሞ የጥጥ ከተማ ናት። በ1911 በዓለም ላይ ከነበሩት 143 ሚሊዮን ያህል የመፍተያ እንዝርቶች ከ16 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት በእርሷ ፋብሪካዎች ውስጥ ይሽከረከሩ ነበር። ዛሬ እንዝርቱ የለም፤ የተዋንያኗ ስም ግን አለ። በርናርድ ክሪቢንስ፣ ኤሪክ ሳይክስ፣ አን ከርክብራይድ፣ ሳራ ላንካሸር፣ ሱራን ጆንስ፣ ሾብና ጉላቲ ሁሉም የዚያ አካባቢ ልጆች ናቸው።

በኅዳር 2022 የእንግሊዝ የኪነ ጥበብ ምክር ቤት ለኦልድሃም ኮሊሲየም ቴአትር ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጎማ አቋረጠ። ጉድለቱ በሦስት ዓመት 1.8 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ነበር። ከ1887 ጀምሮ በፌርቦተም መንገድ የቆመው ቴአትር መጋቢት 31 ቀን 2023 ተዘጋ። በ2024 የከተማው ምክር ቤት ቴአትሩን አድሶ ሊከፍት ማቀዱን አስታወቀ። ሁለቱ ጸሐፊዎቻችን የሚከራከሩት ከዚህ ተነስተው ነው፦ እነዚህን ሰዎች ያፈራቸው የከተማው መድረክ ነው ወይስ በቅርብ ያለው የማንችስተር ቴሌቪዥን? ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የመድረኩ ወገን

በመጀመሪያ ማንን እንደምንቆጥር እንስማማ። ክሪስቶፈር ቢጊንስ ኦልድሃም ቢወለድም ያደገው በደቡብ፣ ሶልዝበሪ ነው። ዶራ ብራያን በተቃራኒው ሳውዝፖርት ተወልዳ ኦልድሃም አደገች፤ መድረክ የለመደችውም እዚያው ነው። የልደት ወረቀት ይዘን ከቆጠርን ቢጊንስ ይገባል፣ ብራያን ትወጣለች። እንዲህ ያለው ቆጠራ ስለ ከተማዋ የሚነግረን ነገር የለም። የእኔ መስፈርት ሙያውን የት ጀመረ የሚለው ነው።

ሙያው የተጀመረው ደግሞ በኮሊሲየም ሪፐርቶሪ ውስጥ ነው። ሪፐርቶሪ ማለት አንድ ቋሚ ቡድን በየሳምንቱ ተውኔት እየለወጠ የሚያሳይበት አሠራር ነው። የሳምንቱ አካሄድ ይህን ይመስል ነበር፦ ሰኞ ማታ አዲሱ ተውኔት ይከፈታል። ማክሰኞ ጠዋት እነዚያው ተዋንያን የሚቀጥለውን ሳምንት ተውኔት የመጀመሪያ ገቢር ይዘው መግቢያና መውጫቸውን ይወስናሉ፤ ረቡዕ ሁለተኛው ገቢር፣ ሐሙስ ሦስተኛው ይጠናል። ዓርብ ተውኔቱ ከዳር እስከ ዳር ይኬዳል። ቅዳሜ ሁለቴ ይታያል፣ ሌሊቱን ዲኮሩ ይነሳል፣ እሑድ አዲሱ ይተከላል። ሰኞ ከሰዓት በሙሉ ልብስ ልምምድ ተደርጎ ማታ ይከፈታል። ከእሑድ በቀር በእነዚህ ቀናት ሁሉ ማታ ማታ የያዝነው ሳምንት ተውኔት ይታያል።

በዚህ ፍጥነት የሚበላሸው ምን እንደሆነ የታወቀ ነው። ተዋናዩ ዛሬ የሚጫወተውና ለሰኞ የሚያጠናው ቃለ ተውኔት ይደባለቅበታል፤ በተለይ ሁለቱ ተውኔቶች የሚመሳሰል ትዕይንት ካላቸው ምላሱ ወደ ሌላው ይሄዳል። ያኔ የሚያድነው በመድረኩ ጎን መጽሐፉን ይዞ የተቀመጠው ረዳት ነው። ረዳቱ ተዋናዩ ሆን ብሎ ዝም የሚልባቸውን ቦታዎች በልምምድ ጊዜ መጽሐፉ ላይ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል። ያን ካላደረገ ሆን ተብሎ የተተወውን ዝምታ መርሳት መስሎት ቃሉን ያቀብልና ትዕይንቱን ይገድለዋል። ዕቃዎቹን የሚያሰናዳውም እርሱ ነው። ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ያነጥፋል፣ የእያንዳንዱን ዕቃ ቅርጽ ዙሪያውን ይስላል፣ ስሙንም ይጽፍበታል፤ መጋረጃው ከመከፈቱ በፊት ባዶ ሆኖ የቀረ ቅርጽ ካለ የጎደለው ዕቃ ምን እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል። በዚያ ላይ በሦስተኛው ገቢር ደብዳቤ ይዞ የሚገባ ፖስተኛ ሆኖ ይተውናል።

በርናርድ ክሪቢንስ ይህን ሥራ የጀመረው በ14 ዓመቱ ነው፣ በዚያው ቴአትር። ክሪቢንስ የተወለደው በ1928 ነው፤ የማንችስተሩ ግራናዳ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው በ1956። ስቱዲዮው ገና ሳይታሰብ ሰውየው ባለሙያ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ አን ከርክብራይድም በዚያው ቴአትር ተማሪ ረዳት ሆና ገብታ ነው ወደ ትወናው ያደገችው።

ከ1968 ወዲህ ደግሞ ዴቪድ ጆንሰን የመሠረተው የኦልድሃም ቴአትር ዎርክሾፕ የተባለ የወጣቶች ማሠልጠኛ አለ። ሱራን ጆንስ የዚያ ፍሬ ናት። በ1996 ኤመርዴል ወደተባለው ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ በልጅነቱ የገባው ኬልቪን ፍሌቸርም እንዲሁ። ከተማው ራሱ አሠልጥኖ ላካቸው፤ ቴሌቪዥኑ የተዘጋጀ ሰው ተቀበለ።

የስቱዲዮው ወገን

ወንድሜ ስለ ሪፐርቶሪ የጻፉት ሁሉ እውነት ነው፤ ክርክራቸው ግን ውኃ አያነሳም። እንዲህ ያለ ሳምንታዊ ሪፐርቶሪ በዚያ ዘመን በመላው ብሪታንያ በየከተማው ነበር። ማታ ማታ እየተወነ ጠዋት የሚያጠና፣ ቅዳሜ ሌሊት ዲኮር የሚያነሳ ወጣት በየቦታው ሞልቶ ነበር። አንድ ዓይነት ሥልጠና በሁሉም ዘንድ ካለ፣ አንዱ ከተማ ከሌላው ለምን እንደሚበልጥ ሊያስረዳን አይችልም። የሚያስረዳው ሌላው ቦታ የሌለው ነገር ነው።

ሌላው ቦታ ያልነበረው ግራናዳ ነው። ኮሮኔሽን ስትሪት የተባለው የግራናዳ ተከታታይ ድራማ ታኅሣሥ 9 ቀን 1960 ተጀመረ፤ ታሪኩ የሚካሄደው በሳልፎርድ አምሳል በተፈጠረ ሰፈር ውስጥ ነው፤ የሚፈልገውም የሰሜኑን አነጋገር በልጅነቱ የለመደ ሰው ነው። እስከ 1989 በሳምንት ሁለት ክፍል ይሠራ ነበር፤ ከዚያ ሦስት፣ በ1996 አራት፣ በ2002 አምስት፣ በ2017 ስድስት ደረሰ። ቁጥሩ በጨመረ መጠን አንድ ትዕይንት ብቻ የምትገባ ነርስ፣ ባለሱቅ፣ ፖሊስ ያስፈልጋል። ለእነዚህ ትንንሽ ሚናዎች ከለንደን ተዋናይ ማስመጣት የባቡርና የሆቴል ወጪ አለው፤ የኦልድሃም ልጅ ግን ማታ ቤቱ ይገባል። ብዙው ሰው ካሜራ ፊት የቆመው በዚህ በር ገብቶ ነው።

ከርክብራይድን አንስተዋል። እርሷ በ1972 ኮሮኔሽን ስትሪት ገብታ እስከ 2014 ዲርድርን ሆና ቆየች። ከአርባ ዓመት በላይ የቆየ እንጀራ የሰጣት ኮሊሲየም አይደለም። ሳራ ላንካሸር ደግሞ የተማረችው ለንደን፣ ጊልድሆል የትወና ትምህርት ቤት ነው። አባቷ ጄፍሪ ላንካሸር ለኮሮኔሽን ስትሪት ይጽፍ ነበር፤ እርሷም በ1991 ራኬል ሆና የታወቀችው እዚያው ነው። በእርሷ መንገድ ላይ የኦልድሃም መድረክ የት ጋ ነው? ሾብና ጉላቲስ? በማንችስተር ዩኒቨርሲቲ አረብኛና የመካከለኛው ምሥራቅ ፖለቲካ ያጠናች፣ የሕንድ ባህላዊ ውዝዋዜ ያሠለጠናት ሰው ናት። በ2001 ኮሮኔሽን ስትሪት ገባች።

ሙዚቃውም ያው ነው። ዘፋኙ ማርክ ኦወን የኦልድሃም ልጅ ነው፤ የሚዘፍንበት ቡድን ቴክ ዛት የተሰባሰበው ግን ማንችስተር ነው። ከዚያ ቀደም ብንሄድ እንኳ አቀናባሪው ዊልያም ዋልተን በ1902 ኦልድሃም ሲወለድ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሪ የነበረው አባቱ ሙዚቃ የተማረው በማንችስተር ሮያል ኮሌጅ ነበር። ልጁም አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው ኦክስፎርድ ተልኳል። ኦልድሃም ከማንችስተር ተነጥላ ምን ትሠራ እንደነበር ማወቅ የሚፈልግ ካለ፣ ትልቁ ከተማ ያልነካው ምሳሌ ያምጣ።

አንድ ነገር ልጨምር። መድረክ የሚያስተምረው ሁሉ ለካሜራ አይጠቅምም። በስቱዲዮ ውስጥ ተዋናዩ መቆሚያው ወለሉ ላይ በተለጠፈ ባለ ቀለም ፕላስተር ይነገረዋል። ወደ ታች ሳያይ እዚያ መድረስ አለበት፤ በግማሽ እርምጃ ካለፈ ትኩረቱ ይደበዝዛል ወይም ጥላው ባልደረባው ፊት ላይ ያርፋል። ሻይ የጠጣው በየትኛው እጁ፣ ኩባያውን ያስቀመጠው የትኛው ቃል ላይ እንደሆነ ከሌላ አቅጣጫ ሲቀረጽም መድገም አለበት፤ ካልደገመ ሁለቱ ቀረጻዎች ሲገጣጠሙ ኩባያው ይዘላል። ለኋለኛው ወንበር መጮህ የለመደ ሰው ድምፁን ለማውረድ ሳምንታት ይፈጅበታል። ይህን ሁሉ የሚያስተምረው ስቱዲዮው ራሱ ነው።

የመድረኩ ወገን መልስ

እህቴ የላንካሸርን ጉዳይ በሚገባ አስረድተዋል፤ እርሷን ለስቱዲዮው እተዋለሁ። ስለ ፕላስተሩና ስለ ኩባያው ያሉትም ትክክል ነው። ነገር ግን የኮሮኔሽን ስትሪትን አጀማመር ዘለውታል። በመጀመሪያዎቹ ወራት አንዱ ክፍል በቀጥታ ይተላለፍ ነበር፤ ቀጣዩ እርሱን ተከትሎ ወዲያው ይቀረጽ ነበር። ማቆም የለም፣ መድገም የለም። በሳምንት ሁለት ክፍል በቃሉ ይዞ፣ ባልደረባው ቢሳሳት ነገሩን አቃንቶ የሚቀጥል ሰው ከየት ይመጣል? ግራናዳ ብዙዎቹን ከሰሜኑ የሪፐርቶሪ መድረኮች የወሰደው ለዚህ ነው። ሥራው ያ የለመዱት የሳምንት ሩጫ ነበር፤ የተለወጠው ካሜራ መግባቱ ብቻ ነው።

ቅርበት ሁሉን ያስረዳል የሚለውን ደግሞ እንፈትነው። ሮችዴልም እንደ ኦልድሃም ለማንችስተር ቅርብ ናት። ቅርበቱ ብቻ በቂ ቢሆን የሮችዴሏ አና ፍሪል በቀጥታ ወደ ስቱዲዮው በሄደች ነበር። ትወና ለመማር የመጣችው ግን ኦልድሃም ቴአትር ዎርክሾፕ ነው። እንዲሁ ለማንችስተር ቅርብ የሆነው ጎረቤት ከተማ ልጁን ወደ ኦልድሃም ከላከ፣ ኦልድሃም ውስጥ እርሱ ዘንድ የሌለ ነገር አለ ማለት ነው። ያ ነገር ዎርክሾፑ ነው።

ክሪቢንስን ደግሞ ጨርሰው አላነሱትም። ትልቁ ከተማ ያልነካው ምሳሌ ይምጣ ብለዋል፤ ምሳሌው ከመጀመሪያው ቀርቧል። ከኮሊሲየም ተነስቶ በ1956 በለንደን መድረክ ሲታይ ግራናዳ ገና ጨቅላ ነበር።

የስቱዲዮው ወገን መልስ

የአና ፍሪል ነገር ጠንካራ ነው፤ ዎርክሾፑን በተመለከተ ወንድሜ ረትተዋል። ግን ልብ ይበሉ፦ ዎርክሾፑ ኮሊሲየም አይደለም። የከተማው ምክር ቤት የሚያስተዳድረው የወጣቶች ማሠልጠኛ ነው፤ ትልቁ ቴአትር ሲዘጋ አብሮ አልተዘጋም። ስለዚህ ሱራን ጆንስን፣ ፍሌቸርንና ፍሪልን ጠቅሰው የ1887ቱን ሕንፃ ሊሟገቱለት አይችሉም። ለሕንፃው የሚቀሩለት ክሪቢንስ፣ ብራያንና ከርክብራይድ ናቸው፤ ክሪቢንስና ከርክብራይድ የሠለጠኑበት የረዳትነት ቦታ ደግሞ ሳምንታዊ ሪፐርቶሪ ሲቀር አብሮ ጠፍቷል። ኤሪክ ሳይክስ ለሁለታችንም አይሆንም፤ እርሱን ያወጣው በጦርነቱ ጊዜ በአየር ኃይል ያገኛቸው ሰዎችና የሬዲዮ ጽሕፈት ነው።

የዛሬ ልጅ የሚጎድለውን ልንገርዎ። ኦዲሽኑ፣ ማለትም ተዋናይ የሚመረጥበት ፈተና፣ ብዙውን ጊዜ ቤት ውስጥ በስልክ ይቀረጻል። ስልኩ በአግድም፣ በዓይን ከፍታ ይቀመጣል፤ ከኋላ ባዶ ግድግዳ፣ ፊት ለፊት የመስኮት ብርሃን ያስፈልጋል። የሌላውን ሰው ቃል የሚያነበው ከካሜራው አጠገብ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይቆማል። ስህተቱ ሁሌም እዚህ ላይ ነው፦ እናት ወይም ወንድም ከስልኩ ኋላ ጮክ ብሎ ያነብና የልጁ ድምፅ ይሸፈናል፤ ልጁም ዓይኑን ወደ ጎን አርቆ ይተውንና ፊቱ በግማሽ ይጠፋል። ተመርጦም ዕድሉ ሊያመልጠው ይችላል። ለትምህርት ቤት ልጅ የትወና ፈቃድ የሚሰጠው የሚኖርበት አካባቢ ምክር ቤት ነው፤ ማመልከቻው ሥራው ከመጀመሩ 21 ቀን በፊት ካልደረሰ ምክር ቤቱ እምቢ ማለት ይችላል። አምራቹ ድርጅት አይጠብቅም፤ ፈቃዱ የተዘጋጀለትን ሌላ ልጅ ይወስዳል። ከ2012 ጀምሮ ትራም ኦልድሃም ይደርሳል፣ ስቱዲዮዎቹም በሳልፎርድ በኩል ናቸው። ወረቀቱን በጊዜ የሚያስጨርስና ኦዲሽኑን የሚቀርጽ ሰው ግን የሌለው ቤተሰብ ብዙ ነው። ገንዘቡ መጀመሪያ ወደዚያ ይሂድ።

የመድረኩ ወገን የመጨረሻ ቃል

ኦዲሽኑን በስልክ መቅረጽ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የሚቀረጸው ልጅ ሰው ፊት ቆሞ ተውኖ የማያውቅ ከሆነ መብራቱ ቢስተካከልም የሚታየው ፍርሃቱ ነው። የረዳትነቱ ቦታ ጠፍቷል ማለትዎ ክርክሬን ያጠናክርልኛል፤ ሊመለስ ይችላልና። ኮሊሲየም ሲከፈት ምክር ቤቱ ቴአትሩን ከሚያካሂደው ጋር በሚገባው ውል ላይ ሦስት ነገር ያስገባ፦ በየዓመቱ ከከተማው ለሚመጡ ወጣቶች ደመወዝ ያለው የረዳት የመድረክ ሥራ አስኪያጅ ቦታ፤ ለእነዚያው ረዳቶች በእያንዳንዱ ተውኔት ቢያንስ አንድ የንግግር ሚና፤ ዎርክሾፑም በዓመት የተወሰኑ ሳምንታት ትልቁን መድረክ ከእነመብራቱና ከእነባለሙያው እንዲጠቀም። ይህ ያልተጻፈበት ውል የተከራየ አዳራሽ ብቻ ነው የሚሰጠን፤ በየሳምንቱ ከሌላ ከተማ በመኪና የተጫነ ትርዒት ይራገፍበታል፣ እሑድ ተጭኖ ይሄዳል፣ የኦልድሃም ልጅ ትኬት ቆራጭ ሆኖ ይቀራል።

የስቱዲዮው ወገን የመጨረሻ ቃል

ሦስቱ ከተጻፉ እኔም እፈርማለሁ። አራተኛ ግን አለኝ፦ በዚያው ሕንፃ ውስጥ ኦዲሽን የሚቀረጽበት አንድ ጸጥ ያለ ክፍልና የልጆቹን ፈቃድ ከ21 ቀኑ ቀደም ብሎ የሚያስጨርስ አንድ ሠራተኛ ይኑር። የእርስዎ ረዳት ማታ መጽሐፉን ይዞ ይቀመጥ፤ በማግስቱ ከምሳ በፊት ግን ቪዲዮው ለተዋንያን መራጯ ይድረስ።