ባኞ ይግባ ወይስ ይቅር?

ታናሽ ወንድሜ ደብረ ብርሃን ላይ ቤት እየሠራ ነው። ግድግዳው ቆሟል፣ ቆርቆሮው ተመትቷል። አሁን የቀረው ጭቅጭቁ ነው። ባለፈው ሰሞን የመታጠቢያ ቤቱን ፕላን በስልክ ላከልኝ። ጥጉ ላይ ባኞ ተስሏል፤ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ70፣ ወርዱ 70 ሳንቲም። "እንዴት ነው?" አለኝ። "ይቅርብህ" አልኩት። ሁለት ቀን ተኮራረፍን።

ፍላጎቱ ይገባኛል። ከተማው ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ኅዳር ላይ በጠዋት ለወጣ ሰው ሣሩ ውርጭ ለብሶ ነው የሚጠብቀው። እዚያ ያደገ ሰው እስከ አንገቱ ሙቅ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ቢመኝ ምን ይፈረድበታል? በእኛ ልጅነት ገላ መታጠብ ማለት ቅዳሜ፣ ፀሐይዋ ሳትበርድ፣ ጓሮ ውስጥ ሳፋ ላይ ቆሞ መንቀጥቀጥ ነበር። እማዬ በጣሳ ስታፈስብን ፊታችን ሲሞቅ ጀርባችን ይበርዳል። ቤተ መንግሥቱስ ቢሆን መቼ ቻለው? ምኒልክ ከአንኮበር ተነስተው እንጦጦ ሰፈሩ፤ እዚያም ብርድ ነው። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃው አጠገብ ቤት አሠሩ፣ አዲስ አበባም በዚያው ተቆረቆረች። ሙቅ ውሃ እነሱን ከተማ ካስቀየረ፣ ወንድሜን ፕላን ቢያስቀይረው አይገርምም።

ልዩነቱ ፍልውሃ ራሱን ያፈላል። የወንድሜን ውሃ የሚያፈላው ቦይለር ነው።

ባኞ ደህና አድርጎ ሰውነት እንዲሸፍን 150 ሊትር ያህል ይፈልጋል። ቤቶቻችን ውስጥ የሚገባው ቦይለር ብዙ ጊዜ 50 ወይም 80 ሊትር ነው። የቧንቧው ውሃ 15 ዲግሪ ነው እንበል። 80 ሊትሩን 65 ዲግሪ ድረስ አሙቆ ከቀዝቃዛው ጋር ቢቀላቅለው፣ ገላ የሚችለው 160 ሊትር ግድም ያገኛል። አንድ ባኞ ማለት ነው፣ ለአንድ ሰው። በ50 ሊትሩ ከሆነ 100 ሊትር ላይ ያልቅና ጉልበትህ ከውሃው ወጥቶ ይቀራል። 80 ሊትሩን እንደገና ለማሞቅ ባለ 1,500 ዋት ቦይለር ሦስት ሰዓት ይፈጅበታል፤ ያውም መብራት ካልጠፋ። በሻወር ግን በደቂቃ 8 ሊትር እየፈሰሰ ስድስት ደቂቃ ብትቆም 50 ሊትር አትሞላም። በአንድ ባኞ ውሃ ሦስት ሰው ይታጠባል።

ውሃው በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አንድ ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሙሉውን ብትገለብጠው ባኞውን ሰባት ጊዜ አይሞላም። ወጥ የሚሠራበት፣ ሽንት ቤት የሚደፋበት ሳይቆጠር።

የወንድሜ ሚስት አንድ የማይናቅ ነገር አንስታለች። "ጋቢና ብርድ ልብስ የት ልጠብ?" አለች። እውነቷን ነው። ውሃ የጠጣ ጋቢ ሳፋ አይችለውም፤ ባኞ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ ሱሪ ሰብስቦ፣ በእግር መርገጥ ነው። ለዚህ ብቻ ከሆነ ግን ጓሮ ውስጥ በሲሚንቶ የሚሠራ ገንዳ ይበቃል። ዋጋውም ከባኞ ጋር አይወዳደርም።

እኔ አዲስ አበባ የተከራየሁት ቤት ውስጥ ባኞ ነበር። በአራት ዓመት የተኛሁበት ሁለቴ ነው። በቀረው ጊዜ የጀሪካን ማስቀመጫ ሆኖ አገለገለ። ኋላ ሲፎኑ አፈሰሰ። ሠሪው በሴራሚክ ዙሪያውን ደፍኖት ኖሮ፣ ቧንቧ ሠራተኛው እጁን የሚያስገባበት ቀዳዳ አጣ። ሴራሚኩን ሰበርነው። ተመሳሳዩን ፈልገን አጣንና ሌላ ቀለም ለጠፍንበት፤ እስከወጣሁበት ቀን ድረስ ዓይኔ እዚያ ላይ ያርፍ ነበር። እንግዲህ ባኞ የምታስገቡ ሰዎች፣ ጎኑ ላይ የሚከፈት በር እንዲተውላችሁ ግንበኛውን ቀድማችሁ ያዙት።

ሁለት መታጠቢያ ቤት ያለው፣ ትልቅ ሮቶና ትልቅ ቦይለር የሚችል ሰው አንዱ ውስጥ ቢያስገባ አልከራከረውም። ሸዋ ሮቢት ከሆነ ቤቱ ጥያቄውም አይነሳ፤ በዚያ ሙቀት ማን ሙቅ ውሃ ውስጥ ይተኛል? የወንድሜ ቤት ግን መታጠቢያው አንድ ነው፤ እማዬም አብራቸው ልትኖር ነው። ጉልበቷን ካመማት ቆይቷል። የባኞ ጠርዝ ከወለል 55 ሳንቲም ግድም ይነሳል። እግሯን አንስታ ያንን መሻገር አለባት፣ በእርጥብ እግሯ ደግሞ መመለስ። ይህን በስልክ ስነግረው ዝም አለ።

ስልኩን እማዬ ተቀበለችው። "ለእኔ ብላችሁ አትጣሉ፣ እኔ ሳፋዬን ይዤ እመጣለሁ" አለች።

ቅዳሜ ስደውል ግንበኛው ሻወሩ ጥግ ላይ መቀመጫ እየገነባ ነበር። ቁመቱን የለኩት በእማዬ በርጩማ ነው።