ዝም ያለች ሁሉ አልተቀበለችም

ሰሞኑን ድሬዳዋ ውስጥ በአካል ጉዳተኞች የሥነ ልቦና ድጋፍ ላይ በተካሄደ ውይይት አንድ ተናጋሪ «ሴቶች በተፈጥሯቸው ቻይ ስለሆኑ ጉዳታቸውን ከወንዶች ቀድመው ይቀበላሉ፤ ስለዚህ የምክር አገልግሎቱ ቅድሚያ ለወንዶች ቢሰጥ ይሻላል» ብለዋል። አዳራሹም አጨበጨበላቸው። ይህ ሐሳብ ሳይመረመር ወደ ዕቅድ ከገባ ከፍተኛ በደል ይሆናል።

ማስረጃቸው ያነጋገሯቸው ሴቶች «ተመስገን»፣ «አልሐምዱሊላህ» ብለው መመለሳቸው ነው። ለመሆኑ በዚህች ከተማ «እንዴት ነሽ?» ተብላ ሌላ መልስ የምትሰጥ ሴት የት አለች? ልጇን ቀብራ የተመለሰችውም የምትለው ይህንኑ ነው። የሰላምታ ምላሽን እንደ ምርመራ ውጤት ቆጥሮ አገልግሎት መደልደል ስንፍና ነው።

እግሩን ያጣ አባወራ ቤት ሲውል ቡናው ይቀርብለታል፤ ቢቆጣም ቢያለቅስም «ከባድ ነገር ደርሶበታል» ተብሎ ይታለፍለታል፤ ዘመድ ተሰብስቦ ይመክርለታል። እግሯን ያጣች እናት ግን ቁስሉ ሳይጠግግ ወደ ማድቤቷ ትመለሳለች። መጋላ ውስጥ አንዲት እናት ክራንቿን ግድግዳ አስደግፋ፣ ዱካ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ስትከትፍ አይቻለሁ። ከሰል ሲያልቅባት ሁለቱም እጆቿ ክራንቹን ስለሚይዙ፣ ከሰሉን በፌስታል አድርጋ ፌስታሉን በጥርሷ ነክሳ ከጓሮ ታመጣለች። ይህንን ያየ ዘመድ «ጎበዝ ናት፣ ተቀብላዋለች» ይላል። ይህች ሴት ለማዘን እንኳ ፋታ አላገኘችም! ሐዘኗ ተጠራቅሞ የሚወጣው ምናልባት ከዓመታት በኋላ፣ ልጆቹ አድገው ቤቱ ጭር ሲል ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ «ስንት ዘመን ችለሽው ዛሬ ምን ሆንሽ?» የሚል ወቀሳ ይጠብቃታል። ያላገባችውማ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ እንድትገባ ይነገራታል፤ ወንድሟ ጉዳተኛ ቢሆን ኖሮ ግን ቤተሰቡ የምትንከባከበው ሚስት ይፈልግለት ነበር።

ተናጋሪው መካድ፣ ቁጣ፣ ድርድር፣ ድባቴ፣ መቀበል እያሉ ጉዳትን የመቀበል ደረጃዎችንም ዘርዝረዋል። ይህን አከፋፈል የአእምሮ ሐኪሟ ኤልሳቤጥ ኩብለር ሮስ በ1969 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ሞት የተቃረበባቸውን ሕሙማን አነጋግረው ነው። አካል ጉዳተኛ ግን ከጉዳቱ ጋር አሥርት ዓመታትን ይኖራል። በልጅነቷ ፖሊዮ ያገኛት ሴት የተለማመደችውን ጉዳት ስታገባ፣ ስታረግዝ፣ ጉልበቷም በዕድሜ ሲደክም እንደገና ትጋፈጠዋለች። አንድ ጊዜ ተወጥቶ የሚያበቃ መሰላል እዚህ ላይ የለም፤ «ቀድማ ደረሰች» ማለትም ትርጉም የለውም።

ወንዱም ቢሆን እንጀራ አቅራቢነቱን ሲያጣ ይንገበገባል፤ አገልግሎቱም ይገባዋል። የሴቷን ተራ ወስዶ ግን መሆን የለበትም። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 6 ሴት አካል ጉዳተኞች ለተደራራቢ መድልዎ የተጋለጡ መሆናቸውን ያውቃል፤ የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 568/2000ም በፆታቸውና በጉዳታቸው የሚደርስባቸው ጫና ታሳቢ እንዲደረግ ያዛል። መድረክ ላይ የቀረበው ሐሳብ የእነዚህ ሕጎች ተቃራኒ ነው።

ከተማዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ሲደርቅ እግረኛው በአሸዋው ላይ አቋርጦ ይሄዳል፤ ዊልቸር ግን ይሰምጣል፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ሴቶች ወደ አዳራሹ አልመጡም፤ የተጠየቁትም ጥቂት ናቸው። ዕቅዱ ከመጽደቁ በፊት ባለሙያዎቹ ከገንደ ቆሬ እስከ ሳቢያን ቤት ለቤት ይሂዱ። ሴቶቹን ባልም አማትም በሌሉበት፣ በመረጡት ቋንቋ፣ በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ ያነጋግሯቸው፤ ከ«ተመስገን» በኋላ የሚመጣውንም ቃል ቁጭ ብለው ይጠብቁ።