የኳየር መሪ እጁን ብቻ አይደለም የሚያወዛውዘው
«የኳየር መሪ ስራው እጅ ማወዛወዝ ነው፣ ለዚህ ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርጋል?» ላልከው፣ ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል፣ ግን ልክ አይደለም። የ4 ምት የእጅ እንቅስቃሴ በጥቂት ቀን ይለመዳል። ከባዱ ጆሮው ነው። አራቱ የድምፅ ክፍሎች፣ ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴነርና ባስ፣ አብረው ሲዘምሩ ስህተቱ ከየት እንደመጣ ወዲያው መለየት አለበት፣ ለምን እንደመጣም ጭምር፤ ያለ መሣሪያ የሚዘምር ኳየር ድምፁ ከትክክለኛው ከፍታ ቀስ በቀስ ዝቅ ሲል ብዙ ጊዜ ችግሩ ኖታውን አለማወቅ ሳይሆን ትንፋሹ ወይም አናባቢው ከሰው ሰው መለያየቱ ነው። ደግሞ መሪው ከመጀመሪያው ምት በፊት ምልክት ሲሰጥ ዘማሪው አብሮት ይተነፍሳል። የሱ ትከሻ ከተወጠረ የዘማሪዎቹም ጉሮሮ ይወጠራል፣ በጣም የሚገርም ነገር ነው። ለዚህ ነው የኳየር መሪነት ተማሪዎች ድምፅ፣ ፒያኖና የጆሮ ልምምድ የሚማሩት፣ ኳየር ፊት ከመቆማቸው በፊትም አራቱንም መስመር ራሳቸው እየዘመሩ የሚያጠኑት።